የማሩ መጋዝ ኢንቨርተሬን አቃጠለው

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ዛሬ ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም ማሩ፣ የሶላሩን ኢንቨርተር አቃጠለብኝ። ፓምፑ ሽንኩርቴን እያጠጣ ሳለ፣ ሳይጠይቀኝ የእንጨት መጋዙን ሰካበት። ሞተር ሲነሣ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ኢንቨርተሩ ሁለቱን ባንድ ላይ እንደማይችል ስንት ጊዜ ነግሬው ነበር! መጋዙ አንዴ አጓራና ጭስ ሸተተኝ፤ ውኃውም ቀጥ አለ።

«ዕቃሽ ልፍስፍስ ስለሆነ ነው» አለኝ፣ ይቅርታ እንኳ ሳይል።

የመጋዙን ገመድ ነቅዬ በፒንሳ ቆረጥኩት። አማቴ እየሮጡ መጥተው «ኧረ ልጄ፣ ወንድምሽ አይደለም ወይ?» አሉኝ።

«አይደለም» አልኳቸው።

ሽንኩርቱ በዚህ ፀሐይ ሦስት ቀንም አይቆይልኝም። ባሌ ነገ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ሲመለስ ከማን ጋር እንደሚቆም አያለሁ። ከወንድሙ ጋር ከቆመ፣ እራቱንም እዚያው ይብላ።