የሚጨሰው የክላይድ ሰም ነው

ዶሪስ፣

ልጄ ቤት ሄጃለሁ። ሾርባው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፣ አሙቂው።

በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ፣ ዛሬ የክላይድን ጥይት ይዘሽ ተኩስ መለማመጃው አዳራሽ እንዳትሄጂ። ጥይቱን ስትሞዪ ባሩዱን ሦስት ጊዜ ቀየርሽ፣ ጭሱ ቀነሰልሽ? ባሩዱ አይደለማ። ወንድሜ፣ ባልሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጥይቱን እርሳስ የቀባበት ሰም ነው የሚጨሰው። ልጥረገው ደግሞ እንዳትዪ፣ ያለ ሰም እርሳሱ ሽጉጥሽ ውስጥ ይለጠፋል።

ቀዩ ሳጥን ውስጥ ሃምሳ ጥይት አለልሽ። ሰም የለውም፣ ቀለም ተቀብቶ ምድጃ ውስጥ የተጋገረ እርሳስ ነው። ትናንት ጸሎት ቤት ሳለሽ በክላይድ የጥይት መሙያ መሣሪያ የሞላሁት እኔ ነኝ።

የአዳራሹ ባለቤት ሃስከል "አንድ ጊዜ አዳራሹን በጭስ ብትሞዪው ሁለተኛ በዚህ በር አትገቢም" ያለሽ እየቀለደ አይደለም። የማክሰኞ ተኩስሽን ከወሰደብሽ እንደ አምና መጋረጃ ዘግተሽ ልትቀመጪ ነው። ያንን ደግሜ ማየት አልችልም።

ስለ ጭሱ ለሱ የተናገርኩብሽም እኔ ነኝ። ብነግርሽ አልሰማ ስላልሽኝ ነው።

የክላይድን አልጣልኩም። ቁምሳጥኔ ውስጥ ነው፣ በጋ ሲመጣ ሜዳ ላይ አብረን እንተኩሰዋለን። እዚያ የፈለገውን ያህል ይጭስ። እኔንም ሽታው ይናፍቀኛል።

ዛሬ ግን ቀዩን፣ እህቴ። ቀዩን።

ቬርና