አባባ የሚተነፍሱት አየር

ሰኞ

ዛሬም በሩን ዘግተው አገኘኋቸው። መስኮቱንም። ከሰሉ ፍም ሆኗል፤ አባባ ምድጃው ላይ አጎንብሰው የብር አምባር ይበይዳሉ። ገና በሩን ገፋ ሳደርግ «ዝጊው፣ ብርሃን አታስገቢብኝ!» አሉ።

ነገሩ ይገባኛል። ብር ሲግል ቀለሙን የሚያሳየው በጨለማ ነው። ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን ማጣበቂያው ይፈሳል፤ ከዚያ ትንሽ ካለፈ አምባሩ ራሱ ይቀልጣል። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያቺን አንዲት ቅጽበት ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ብርሃን ካለ አትታያቸውም።

ግን ባለፈው ሳምንት ወድቀዋል። ጎትተው ያወጧቸው ፊት ለፊት ያሉት ልብስ ሰፊው አው ሙሜ ናቸው። አባባ «ጾሙ ነው ያደከመኝ» አሉ። ውጭ አየር እንዳገኙ ግን ቀስ በቀስ ነቁ፤ እስከዚያ ድረስ የቀመሱት ነገር አልነበረም። የከሰሉ ጋዝ ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ቀለም በማየት ለኖረ ሰው፣ የማይታይ ነገር ክፍልዎ ውስጥ ተቀምጧል ተብሎ እንዴት ይነገራል? ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ፈራሁ።

የሚያይላቸው ነገር እሠራለሁ።

ማክሰኞ

ሸዋ በር ካለችው የሞባይል ጥገና ሱቄ የሰበሰብኩት፦

– ጋዝ የሚለይ ሴንሰር። ጥፍር የሚያህል፣ አናቱ ላይ ወንፊት ያለው።
– ትንሽዬ ቦርድ።
– ቁጥር የምታሳይ ስክሪን፣ አንዱ ጥግዋ የተሰነጠቀ።
– ከተበላሸ አሻንጉሊት የወጣች ጯሂ።
– ቻርጀር። ይሄ ሞልቷል።

ሴንሰሩ ከመታመኑ በፊት አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በኤሌክትሪክ መሞቅ አለበት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። እንደገና ከመጀመሪያው።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አልሠራሁም ማለት ይቻላል። ስለ አየር ሳስብ ዋልኩ። በበሩ ገብቶ በደረታችን አልፎ ይወጣል፤ ማንም እንግዳ አይለውም። ከመንገዱ የበርበሬው፣ የሚኒባሱ፣ የብርቱካኑ ሽታ ይመጣል፤ ሁሉም ስም አለው። የከሰሉ ጋዝ ብቻ ስሙን ሳይናገር ይገባል። አንድ ደንበኛ «እህት፣ ስልኬን ፈታተሽ ተውሽው እኮ» አለኝ። አባባ ፈዛዛ የሚሉኝ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሐሙስ

ትሠራለች!

ጠዋት ጣራ ላይ አውጥቼ ንጹህ አየር አሳየኋት፤ 12 አለች። ትክክለኛ መለኪያ አይደለችም፣ ቁጥሯ ከፍና ዝቅ ማለቱን ብቻ ነው የማምነው። 60 ስትደርስ እንድትጮህ አደረግኳት። ከዚያ ይዣት በግንቡ መግቢያ በፈላና በር በኩል ወደ አባባ መሥሪያ ክፍል ሄድኩ።

በር ተዘጋ፣ ከሰል ተቀጣጠለ። 15። 22። 38። ሁለታችንም ቁጥሩን አየን። አባባ መነጽራቸውን አድርገው እንደ ልጅ አፋቸውን ከፍተው ነበር። 60 ላይ ስትጮህ ሁለታችንም ዘለልን። መስኮቱን ከፈትኩ፤ ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደ።

አባባ በጣታቸው ነኳትና «ትሞቃለች» አሉ። ቀጥለውም ሽቦዋን አይተው ተቆጡ። እንዲህ እርቃኗን ሰው ፊት ይዤያት በመምጣቴ አፈሩብኝ። ልብስ ያስፈልጋታል አሉ፤ ትቼላቸው ወጣሁ።

ደስ ብሎኝ መንገዱን ሳላየው ሱቄ ደረስኩ።

ቅዳሜ

ሰው ደስታውን በምን ይጽፋል? አባባ የብር ሳጥን ሠርተውላታል። ትናንት ቀኑን ሙሉ፣ ለሌላ ሰው ሥራ እጃቸውን ሳያነሱ። ጫፍ ጫፉ ላይ ቀጭን የብር ሽቦ ዞሮበታል፣ ቁጥሯ የሚታይበት ቦታ የሰዓት መስታወት ገብቶበታል። ውስጡን አው ሙሜ ቀይ ከፋይ ጨርቅ ሰፍተውለታል። እኔ የሠራኋት ቆሻሻ ነገር እዚያ ውስጥ ልዕልት መሰለች።

ከሁሉ የሚገርመው ቁጥሩ ነው። በር ተዘግቶ፣ ፍም ቀልቶ፣ 12። ከዚያም 13። አባባ «አየሽ? ክፍሌ ንጹህ ነው» አሉኝ። በስህተት ነው የከሰስኳቸው ማለት ነው? ሐሙስ ዕለት ከሰሉ እርጥብ ኖሮ ይሆናል። ልቤን ቀለል አለው። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለችውን ሳጥን እያየሁ ብዙ ቆየሁ፤ መስታወቱ ውስጥ ቁጥሯ ጉድጓድ ውኃ ውስጥ እንዳለች ጨረቃ ትታያለች።

አባባ ራሴን አሞኛል ብለው እራት ሳይበሉ ተኙ። የዓይን ሥራ ስለበዛባቸው ነው።

እሑድ

አባባ ቤተ ክርስቲያን ስመው ተመለሱ። ምድጃ የለም፣ ከሰል የለም። ራሳቸውን አላመማቸውም። ይህን ለምን እንደምጽፈው አላውቅም።

ሰኞ



ምሳ ይዤ ሄድኩ። ተዘግቷል፣ ፍም አለ፣ 13 ትላለች። አባባ አጠገብ ትንሽ ተቀመጥኩ። ግንባሬን ጠበቅ አድርጎ የሆነ ነገር ያዘኝ። ቁጥሩ 13 ነው። አየሁ፣ ደግሜ አየሁ፣ 13 ነው። አባባን ጎትቼ ወጣሁ።

አው ሙሜ ከሱቃቸው ወጥተው ውኃ ሰጡን። ወደ ውስጥ አሻግረው ሳጥኗን ሲያዩ ፈገግ አሉ። «ማሻአላህ፣ የአባትሽ እጅ! ወላሂ ክታብ ነው ያስመሰላት። ጠብታ ውኃ አይገባት፣ አየር እንኳን አይገባትም!»

አየር እንኳን አይገባትም።

አባባ ከልጅነታቸው ጀምሮ ለሰው አንገት የክታብ መያዣ ሲሠሩ ኖረዋል። የክታብ መያዣ ጥሩ የሚባለው ጥብቅ ሲል ነው፤ ላብ፣ አቧራ፣ ንፋስ እንዳያገኘው። እሷንም እንደዚያው ሠሯት። ክዳኗ ልክክ ያለ፣ የሽቦዋ ቀዳዳ በሰም የተደፈነ። ሦስት ቀን ሙሉ ስትቆጥር የከረመችው ከፋዩ ውስጥ የታሸገውን የዓርብ ማታ አየር ነው። እኔ ደግሞ ባለሙያ ነኝ ባይ፣ ስለ ጨረቃ ስጽፍ ነበር። ሊሞቱብኝ ነበር።

ተመልሼ ገብቼ ክዳኑን ስከፍተው ወዲያው ጮኸች። አባባ ጩኸቱን እየሰሙ ቆሙ። ፊታቸው እንዲያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። «እኔ ነኝ አፏን የያዝኳት?» አሉ።

ማክሰኞ

አባባ ጠዋት ከበሩ ውጭ ተቀምጠው ሳጥኑን ወጉት። ዙሪያውን ትንንሽ ቀዳዳ፣ በአበባ ቅርጽ። ከፋዩን አው ሙሜ ራሳቸው በመቀስ አወጡት፤ «ልጄ፣ አላህ አተረፈን» አሉኝ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ።

ግን በሩስ? አባባ ብየዳ ላይ በሩን እንደሚዘጉ ነገሩኝ፤ ሌላ መንገድ የለም አሉ። ከጮኸች እወጣለሁ አሉ። ብየዳ መሃል ላይስ ብትጮህ? ብየዳ ጥለው ሲነሱ ያየ ሰው የለም። እኔ ስወለድ እንኳን ከቤት ተልኮባቸው «ጀምሬያለሁ፣ ቆዩ» ብለዋል።

ረቡዕ

የአንዲት ሙሽራ አምባር ዛሬ ያልቃል። አባባ ሁለት ሳምንት የለፉበት፣ በእህል ፍሬ ቅርጽ የተደረደረ። የቀረው የመጨረሻው ብየዳ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ጩኸቷን ሰማሁ። ሮጥኩ። የጠባቡ መንገድ ግድግዳ በሁለቱም በኩል የሚያልቅ አልመሰለኝም፤ በሕልም እንደሚሮጥ ሰው እግሬ ከድንጋዩ አልላቀቅ አለ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አባባ ውጭ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል፣ መቆንጠጫው እጃቸው ላይ እንዳለ። ውስጥ እሷ ትጮሃለች።

«አምባሩስ?» አልኳቸው።

«እሳት ላይ ነው። ማጣበቂያው ሊፈስ ሲል ነው የጮኸችው።»

ላወጣው ስገባ ቀሚሴን ያዙኝ። ጠንክረው ነው የያዙኝ።

«ተይው» አሉ። «ይቅለጥ።»

አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ። አባባ መቆንጠጫውን መሬት ላይ አስቀመጡና «እሷ ሳታበቃ አሁን ደግሞ አንቺ ጀመርሽ» አሉኝ።