የራህማ ራስ እና ያንተ ሚዶ

ውድ ሙዘይን፣

ይህ ወረቀት እጅህ እስኪገባ ስንት ጓድ ከፍቶ እንደሚያነበው አላውቅም። ያንብቡት። የምጽፈው ስለ ልጅህ ራስ ነው፤ ስለ ቅርፊትና ስለ ዘይት። ከዚህ ውስጥ ምስጢር የሚያወጣ ካለ ይሾም። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ሐይቁ ሞልቷል፣ ማሽላው ይዟል፣ እናትህና እኔም እንደ ልማዳችን እየተነቋቆርን አንድ ጣሪያ ስር ነን። አንተ ግን ከረመዳን ወዲህ አንድ ቃል አልላክህም፤ በዚህ በጣም ተቀይሜሃለሁ።

ለውትድርና የሄድክበትን ቀን ታስታውሰዋለህ። መኪናው ሐይቅ ከተማ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ሳለ እናትህ ጀርባዬ ላይ በታዘለችው በራህማ ራስ ላይ እጇን አሳርፋ ተሳለች። «ያ ረቢ፣ የዚችን ልጅ ፀጉር የሚነካው የልጀ እጅ ይሁን። እስኪመለስልኝ ምላጭም ሚዶም አይድረስባት» አለች። አንተ ከላይ ሆነህ፣ «እማ፣ ልጄን በግ ልታስመስያት ነው!» ብለህ ሳቅክ። እኔ እንባዬን ይዤ ቆሜ አንተ መሳቅህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እያናደደኝም ያ ሳቅ ይናፍቀኛል።

እናትህ ቃሏን ጠበቀች። ምላጩ ይቅር፣ ሚዶ ፀጉር ነቅሎ ስለቷን እንዳያፈርስባት ብላ ማበጠርም ከለከለች። ደህና አድርጌ እንዳላጥባትም ቆማ ትጠብቀኛለች። በዚያ ፈንታ ጠዋት ጠዋት ቅቤ ትቀባታለች፤ በትናንቱ ቅቤ ላይ የዛሬውን። ሌሎች ልጆችን ገና በጨቅላነታቸው የሚለቃቸው የራስ ቅርፊት ራህማን ሳይለቃት ቀረ። እግር አውጥታ ስትሮጥ፣ አፏን ፈትታ ስትሳደብ እንኳ አልለቀቃትም። ቢጫ ሆኖ፣ ወፍሮ፣ ገንፎ የተገነፋበት ድስት ስር እንደሚቀረው ዓይነት ራሷን ጋገረው።

አንድ ቀን ምንጭ ወረድን። ራህማ ወደ ልጆቹ ስትሮጥ አንዷ ሴት፣ «ቆረቆር ነው፣ ይጋባል!» ብላ ልጇን እጁን ይዛ ጎተተችው። ሌሎቹም እንደዚያው አደረጉ። ራህማ ጨዋታ መስሏት እየሳቀች ተከተለቻቸው። እሷ አልገባትም፤ እኔን ግን አንጀቴን ቆረጠኝ።

እቤት ስገባ፣ «እማማ፣ ዛሬ ልላጫት ነው» አልኳት።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጀ። ባልሽ እኮ የኔም ልጅ ነው። ምላጭ ያነሳሽ ቀን በእጅሽ እንደቀበርሽው ቁጠሪው።»

«ሙዘይንን የሚጠብቀው አላህ ነው ወይስ ፀጉር?»

ምሳችንን ጀርባ ለጀርባ በላን።

በማግስቱ ራህማን አዝዬ ክሊኒክ ወሰድኳት። ድሬሰሩ አቶ አምሳሉ ፀጉሯን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና፣ «ቆረቆር አይደለም፣ ከልጅ ወደ ልጅም አይጋባም። የጨቅላ ቅርፊት ነው፤ አንዳንድ ልጅ ላይ እንዲህ ይቆያል» አሉኝ። «ቅቤ እየደረባችሁ አታሳድሩበት። ዘይት ቀብተሽ እስኪለሰልስ ጠብቂ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ አበጥሪና በሳሙና እጠቢ። በጥፍርሽ እንዳትልጪው፣ ይቆስልብሻል።»

«ሳይበጠርስ አይሆንም?»

«አይሆንም። ጥቂት ፀጉርም ይዞ ይወጣል፤ መልሶ ይበቅላል።»

እሳቸው ምን ያውቃሉ? የሚነቀለው ፀጉር እኛ ቤት ምን እንደሆነ ልነግራቸው አፈርኩ።

ለእናትህ የሰማሁትን ነገርኳት። ጠዋት ምላጭ በጨርቅ ጠቅልላ አመጣችና ፊቴ አስቀመጠች።

«ላጪያት። ይች ልጅ ምን በደለች? ስለቴን ላፈረስኩበት እኔ እጾማለሁ።»

ስንጣላበት የከረምነው ነገር ይኸው፣ እጄ ገባ። የራህማን ፀጉር አራስኩ። ምላጩንም አነሳሁ። እጄ ግን እምቢ አለኝ። በእናትህ ስለት ሳሾፍ የከረምኩት እኔ፣ ያን ፀጉር ብቆርጠው አንተን የያዘህ ነገር የሚበጠስ መሰለኝ። ለካ ከእሷ ይልቅ ያመንኩት እኔ ነበርኩ።

«እማማ፣ አልችልም» አልኳት። አቅፋኝ አለቀሰች። ራህማም ሁለታችንን አየችና ለማንም ሳታዳላ መሃላችን ገብታ ጮኸች።

ቆይታ እናትህ እንባዋን በሻሿ ጠረገችና፣ «ሳያገባሽ የጠረበልሽ ሚዶ የታለ?» አለችኝ።

ከሳጥኔ አወጣሁላት። ያ የወይራው፣ አንድ ጥርሱን ገና ስትሰጠኝ የሰበርከው። አገላብጣ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ቀና ብላ፣ «ያ ረቢ፣ የልጀ እጅ ይንካት ነው ያልኩህ። ይኸ የእጁ ሥራ ነው። ከዚህ የቀረበ እጅ የለኝም፤ ተቀበለኝ» አለች።

የኑግ ዘይት ቀባናት። ቅርፊቱ እስኪለሰልስ ራህማ እቅፌ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። እናትህ በዚያ በሻካራ እጇ እንዲያ ቀስ ማለት ትችል እንደነበር አላውቅም ነበር። ሚዶው ላይ የቀረውን ፀጉር አንድ በአንድ ለቅማ ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። አንድ ቀን አልበቃውም፤ ደጋግመን ቀባን፣ አበጠርን፣ አጠብን። ዛሬ ከጆሮዋ ኋላ ጥቂት ቀርቷታል እንጂ ራሷ ጠርቶ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ምንጭ ስንወርድም ልጅ የሚጎትት የለም። ምላጩን መልሰን ጠቅልለነዋል፤ እሱ ያንተ ነው።

አንድ ጣጣ ግን አመጣን። እናትህ ባበጠረቻት ቁጥር፣ «አብሽሪ፣ የአባትሽ እጅ ነው» ትላታለች። አሁን ሰው መጥቶ፣ «ራህማ፣ አባትሽ የታለ?» ሲላት ሮጣ ሚዶውን ታመጣለች። ሁሉም ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅና እንጨት ላመጣ ብዬ እወጣለሁ።

ና፣ ሙዘይን። መጥተህ አባት እንጨት እንዳልሆነ አሳያት።

ያንተው ፈዲላ