መዝገቡ የሠራው ግንብ

ጥቅምት 11
ሒሳብ ተፈተንን። ቀላል። ክፍሉ ግን ሲወጣ ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። ለቅሶ ቤት ገብተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ከሰዓት ኢዮስያስ ደወለ። የወንድሜ የመዝገቡ ጓደኛ። ሁለቱ ለአንድ የኮምፒውተር የጦርነት ጌም የድሮውን የካፋ መንግሥት የሚጨምር ሞድ፣ ጌሙ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ክፍል፣ ይሠሩ ነበር። መዝገቡ ሞተ... ሁለት ወር አለፈው።
"ሞዱን በስሙ ኢንተርኔት ላይ ልንለቀው ነው። አንተ ታሪኩን አጣራልን።"
እሺ አልኩ።

ጥቅምት 13
ፋይሉን ከፈትኩ። ጉድ! የኢዮስያስ ወታደሮች የፈረንጅ የብረት ልብስ ለብሰዋል። በካፋ ዝናብ! ከመዋጋታቸው በፊት ይዝጋሉ። ንጉሡ ግመል ላይ ነው።
"ግመል ከየት አመጣህ?"
"ያምራላ!"
ሃያ ሦስት ስህተት ጽፌ ላክሁለት።

ጥቅምት 14
የታሪክ አስተማሪያችንን ስለ ካፋ ጠየቅኩ። "ፈተና ላይ አይመጣም" አሉኝ። ሊቅ።

ጥቅምት 16
አባዬ ስለ ካፋ ጠይቃቸው ብሎ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ጋ ላከኝ። የቦንጋ ሰው ናቸው፤ ከኛ ሰፈር በታች ማርና ኮረሪማ ይሸጣሉ። ሞዱ ውስጥ ከተማውን የከበበውን ግንብ በስልኬ አሳየኋቸው። ሳቁ።
"ጎንደሬ ነው እንዴ የሠራው? ካፋ በግንብ አልተጠበቀም፣ ልጄ። ዙሪያውን ጉድጓድ ነበር። ፈረስ ከነጌታው የሚውጥ!"
"እርግጠኛ ነዎት?"
"ካላመንክ ሄደህ ግባበት። ማነው የሠራው?"
"አንድ ልጅ" አልኩ።

ግንቡ የመዝገቡ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ፣ ቀኝ እጁ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቶ፣ በግራው የሠራው። "ቆንጆ ነው" ያልኩትም እኔ ነኝ። ምን አውቄ?

ጥቅምት 19
መጽሐፍም አገላበጥኩ። ጉድጓድ ነው። ለኢዮስያስ ነገርኩት።
"የሟች ሥራ አይነካም።"
"ግመልህን አንስቼ የለ?"
"እኔ አልሞትኩማ።"
እማዬም ሰማች። "ልጄ የሠራውን እንዳታፈርስብኝ" አለች።

ጥቅምት 24
ሞዱን የሚጠብቁት ተጫዋቾች የቴሌግራም ግሩፕ በሻማ ምስል ተሞልቷል። "የጀግናችን ግንብ" ይላሉ። መዝገቡ እኮ ሬዲዮ ላይ አንድ ዓመተ ምሕረት ሲሳሳቱ ጣቢያው ድረስ ደውሎ የተጨቃጨቀ ሰው ነው! አሁን እንደ ሕፃን ያባብሉታል። ስህተቱ እንዲህ በዓለም ፊት ይውጣ? ይሄ ነው ክብሩ?

ኅዳር 1
ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ግንቡን በአንድ ጊዜ ማጥፋት ይቻላል... አልቻልኩም። አንድ አንድ ግድግዳ እያልኩ፣ አሥራ ሦስት አፈረስኩ። አሥራ አራተኛው ላይ እጄ ቆመ።

ለካ እማዬ ከኋላዬ ቆማለች። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ።
"የመጨረሻው ነው?"
"አዎ።"
ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። ከዚያ "በል እንግዲህ፤ እሱም ስህተት አይወድም ነበር" አለች።

አጠፋሁት። ጉድጓዱን ዙሪያውን ቆፈርኩ። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ስታይ ቆየች።
"ሰዉስ በየት ሊገባ ነው?"
መግቢያ ረስቻለሁ! ታላቁ አራሚ!
"በየት ይገቡ እንደነበር አላውቅም፣ እማዬ።"
"እንግዲያ ተነስ፤ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ሳይዘጉ እንድረስ።"

ከቀብሩ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር ከግቢ ወጥታ አታውቅም። ጫማዋን እስክታገኝ ይህን ጻፍኩ።