ለጫልቱ የሰጠሁት ዜሮ

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፭ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.፣ ነቀምት

ማትሪክ ስለደረሰ ዛሬ የዕፅዋትን ፊዚዮሎጂ አስከለስኩ። የትምህርት ቤታችን ካድሬም ለሳይንስ ካለው ጥልቅ ፍቅር የተነሣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። «ቅጠል በፀሐይ ብርሃን የሠራውን ምግብ ማን ይወስደዋል?» ብዬ ጠየቅሁ። የክፍሉ አንደኛ፣ የጊዳ አያናዋ ጫልቱ ተነሥታ «ገበሬ ማኅበሩ ነዋ፣ በኮታ» አለች። አባቷ በቆሎውን አስረክቦ ለዘር እንኳ አልተረፈውም። ክፍሉ ሳቀ። ካድሬው ግን ብዕሩን አወጣ።

«ስሟ ማነው?»

«ስሟ ደደብ ነው፣ ጓድ» አልኩት። «ምግቡ ወደ ሥርና ወደ ፍሬ እንደሚሄድ ዓመቱን ሙሉ ባስተምራት አልገባትም። ዜሮ ሰጥቻታለሁ።»

ከዚያም እስኪበቃት ሰደብኳት። ድንቁርና ገና በአዋጅ ስላልተከለከለ ብዕሩ ወደ ኪሱ ተመለሰ። አብዮቱም ዳነ፣ ልጅቷም ዳነች።

ስወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«ባርሲሳ» አለችኝ፤ ሲከፋት መምህር የምትለኝ በኦሮምኛ ነው። «ፈተናው ላይ የትኛውን ልጻፍ?»

«ትክክለኛውን ጻፊ» አልኳት።

«እሱንማ ተናግሬ ነው ዜሮ ያገኘሁት።»