ጀማል ያጸዳው ወረቀት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ካምፓላ

በድሮው መሣሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመዘገበው በቀለም አልነበረም። ወረቀቱ በጭስ ይጠቁራል፤ መርፌው ቀኑን ሙሉ ጥቀርሻውን እየጫረ ነጭ መስመር ይተዋል፤ ከዚያ ጥቀርሻው እንዳይረግፍ ቫርኒሽ ይቀባል። ዛሬ ሁሉ ነገር በኮምፒውተር ሆነና ይህን የሚያውቅ ጠፋ።

ተማሪዬ የነበረችው ሰላም አሁን የመሬት መንቀጥቀጥ ታጠናለች። ለማስተማሪያ ያቆየሁትን እንዲህ ያለ የአንድ ቀን መዝገብ ወረቀት ስካን አድርጌ እንድልክላት ለምናኝ ነበር፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ዛሬ ዋንዴገያ ሰፈር ላለው ለጀማል ማተሚያ ቤት ሰጥቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ የወረቀቱ ግማሽ ነጥቷል።

«ጋሼ፣ እንዴት ቆሽሾ ነበር! በአልኮል ወለወልኩልዎት» አለኝ ጀማል እየሳቀ።

«ቆሻሻ ያልከው እኮ መዝገቡ ነው!»

«ታዲያ ጥቁር ወረቀት ማን ያነባል? አሁን ይዩት፣ እንዴት እንዳማረበት!»

ሳይጠይቅ! የሰው ንብረት ሳይጠይቅ! አልኮል ቫርኒሹን እንደሚያሟሟ ባያውቅ አልፈርድበትም፤ መጠየቅ ግን ምን ይከብዳል? ክፍል ውስጥ ጮኼ የማላውቀው ሰውዬ መንገደኛው እስኪሰበሰብ ጮኽኩበት።

ለሰላም እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «የተረፈው የጠዋቱ ብቻ ነው፤ ከቀትር በኋላ ያለው ተጠርጓል። የምትፈልጊው መንቀጥቀጥ በስንት ሰዓት የደረሰው ነው? እባክሽ ዛሬውኑ መልሺልኝ።»