«በሰላም ይገላግልሽ» ያሉሽ ቀን

ኅዳር 11 ቀን፣ ከጂሙ ልብስ መቀየሪያ ክፍል

እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለእታለም፣

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እንዴት እንዳለሽ ትልቋ ልጅሽ ነግራኛለች። ትናንት ደውላ «አክስቴ፣ እማዬ ልብስ ስታሰጣ ወደቀች። እንዳትነግሪያት ብላኛለች፣ ስለዚህ እንዳልነገርኩሽ አድርጊው» አለችኝ። አትቆጪያት፤ ከእኔ የተሻለች ናት። እራት ከተውሽ ወር እንዳለፈሽ፣ ጠዋት ጠዋት ወለሉ ላይ ተኝተሽ መቶ ሲት አፕ እንደምትሰሪ፣ ጎረቤቱም «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» እያለ እንደሚጠይቅሽ ዘረዘረችልኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንዷን ደንበኛ ብረት እንዳሸከምኳት ረስቼ ደርቄ ቀረሁ። «ኧረ ልጅት፣ ላውርደው ወይስ ላርጅበት?» ብላ ስትጮህ ነው የነቃሁት።

በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ገና «እታለም» ስል «ተይው ጩጬ፣ ምንም አይደል» ትዪኛለሽ። ወረቀት መሃል ገብቶ አያቋርጥም።

ሥራዬን ወድጄዋለሁ፣ እሱን አልደብቅሽም። ጂሙ ያለው ከቀለም መሸጫ በላይ ነው፤ መስኮት ስንከፍት የቀለም ሽታ፣ ስንዘጋ የላብ ሽታ፣ መርጠን ነው የምንታፈነው። ባለቤቱ ለሰው ሁሉ ከመጽሐፍ ስለምጠቅስ «ዶክተር» እያለ ያሾፍብኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ ለሴቶች ብቻ የሚሆን የራሴን ጂም እከፍታለሁ ብዬ ከወዲሁ ስም እያወጣሁለት ነው። እንደምታውቂኝ፣ ልጁ ሳይወለድ ስሙን የማወጣ ነኝ።

የዛሬ ወር ተኩል አንዲት የባንክ ሠራተኛ መጣች። «ቦርጬን ውሰጂልኝ፣ ዳሌዬን ግን እንዳትነኪብኝ፤ እሱ ሌላ ባለቤት አለው» አለችኝ። ስንሳሳቅ ቆየንና አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋት። በዚያው ሳምንት አንቺ ጻፍሽልኝ፦ «ጩጬ፣ አንቺ ተምረሽዋል። ይሄን ሆዴን ቅርፄ ሳይበላሽ እንዴት ላጥፋው?» የእኔ መልስ «እራት ተዪ፣ ሲት አፕ ሥሪ» ነበር። ለማላውቃት ሴት አንድ ሰዓት፣ ላሳደገችኝ አንድ መስመር።

ለምን እንደዚያ እንደመለስኩልሽ አውቃለሁ። ጥያቄሽ ከየት እንደመጣ ገብቶኝ ነበር፤ ስለዚህ ቶሎ እንዲያልፍ ፈለግሁ።

የምረቃዬ ቀን የለበስኩትን ሱፍ የሰፋሽው አንቺ ነሽ። ለራስሽ መስፊያ ጊዜ አጥሮሽ ሆድሽ ላይ የጠበበውን የድሮ ቀሚስሽን ለብሰሽ መጣሽ። ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እህትሽ እርጉዝ ናት እንዴ?» አለችኝ። «አይደለችም» ማለት ምን ይከብድ ነበር? የስፖርት ሳይንስ ተመራቂ፣ እህቷ ግን ባለ ቦርጭ ልትባል ነው ብዬ አፈርኩ፤ «አዎ» አልኳት። እሷ ለእናቷ ነገረች። እናቷም መጥተው ሆድ ሆድሽን እያዩ «በሰላም ይገላግልሽ፣ ልጄ» አሉሽ።

አንቺ ዞር ብለሽ አየሽኝ። ፊቴ ሁሉንም ነገረሽ መሰለኝ። ከዚያ ጎንበስ አልሽና «አሜን፣ እናቴ» አልሻቸው። በሰው ፊት እንዳልዋረድ ብለሽ የሌለ እርግዝና ተቀበልሽልኝ። ወደ ቤት ስንመለስም «ሱፉ ትከሻው ላይ ትንሽ ሰፍቶሻል፣ አስገባልሻለሁ» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላልሽም። እኔም ይቅርታ ሳልልሽ አራት ወር አለፈ። አንቺ ግን ተራብሽ።

ያኔ ልነግርሽ የሚገባኝን ዛሬ ልንገርሽ። መጀመሪያ ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ የወደቀ ሰው ሳይመረመር ስፖርት አይጀምርም። ደህና ነሽ ካሉሽ፣ ሲት አፑን ተዪው። ከሥር ያለውን ጡንቻ ያጠነክር እንደሆነ እንጂ ላዩ ላይ ያለውን ስብ መርጦ አያነሳም። ሰውነት ጨርቅ አይደለም እታለም፤ ከወገቡ ብቻ በመቀስ አይቀነስም። ስትራቢ ስቡም ጡንቻውም አብሮ ነው የሚሄደው። ልጅሽ «ጉንጯ ገባ፣ ቀሚሷ ዳሌዋ ላይ ተንጠለጠለ» ያለችኝ ለዚህ ነው። ጡንቻው አብሮ እንዳይሄድ የሚያደርግልሽ፣ ቅርፅሽንም የሚጠብቅልሽ፣ ክብደት ማንሳትና ደህና አድርጎ መብላት ነው።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀን እየዘለልሽ ይሁን። ከስፌት ወንበርሽ ላይ በእጅሽ ሳትደገፊ ተነሺ፣ ቀስ ብለሽ ተቀመጪ፤ አሥር ጊዜ። ሲቀልሽ ጥቅል ጨርቅ ታቅፈሽ ሞክሪው። ከዚያ ግማሽ ውሃ የያዘ ጀሪካን ጀርባሽን ሳታጎብጪ ከመሬት አንሺ፤ ግድግዳውንም በሁለት እጅሽ ተደግፈሽ፣ ክንድሽን እያጠፍሽና እየዘረጋሽ ፑሽ አፕ ሥሪ፤ እነሱንም አሥር አሥር ጊዜ። እንዲህ ሦስት ዙር፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ ከበድ ካላሉሽ ክብደት ጨምሪ። እንቁላልም ይሁን ምስር፣ ባቄላም ይሁን ወተት፣ ለማዕድ በቀረብሽ ቁጥር አንዱ አይጥፋ። ሚዛን አትፈልጊ፤ ሜትር እንደሆነ ካንገትሽ አይወርድም፣ በወር አንዴ ወገብሽንም ዳሌሽንም ለኪ። ቀስ ይላል። የወራት ሥራ ነው፤ በሁለት ሳምንት የሚል ካጋጠመሽ እንደ እኔ ያለ ቸኳይ ነው።

ይሄን ሁሉ የምታደርጊው ግን ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ጎብጦ የሚውል ወገብሽ እንዲጠነክር ከሆነ ብቻ ነው። እኔ በሰው ፊት እንዳላፍርብሽ ብለሽ ከሆነ አንዱንም አታድርጊው።

ዛሬ ጠዋት ለዚያች ጓደኛዬ ደውዬ «እህቴ እርጉዝ አልነበረችም፤ ዋሽቼሽ ነው» አልኳት። እሷም «እናቴኮ ወንድ ነው ሴት እያለች በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች» አለችኝ። ለእሳቸውም ራሴ እነግራቸዋለሁ ብያታለሁ። እሁድ ቤታቸው እሄዳለሁ።

በወሩ መጨረሻ ሦስት ቀን ፈቃድ አግኝቻለሁ፣ እመጣለሁ። በምን ዓይኔ እንደማይሽ አላውቅም። ለእኔ ያጎነበስሽው አንገት ቀና ብሎ ይኑር፤ እጅሽ አይዛል፣ ቤትሽ ሳቅ አይጣ። እኔን ለመቀበል ግን አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። እስክመጣ ድረስ በየማታው ብዪ፣ እታለም። እስክትጠግቢ ብዪ።

ያንቺው
ጩጬ